አውድማና ሩዝ ማሳ መሐል የተጋደመ ቢም

ወረታ ቢሮ ሥራ የጀመርኩ ዕለት አለቃዬ ኢንጂነር ታደለ የሰጡኝ የመጀመሪያ ትእዛዝ «አርእስቱን ቀይሪ» የሚል ነበር። በእጄ የያዝኩት ደብረ ታቦር ዐለት ላይ የተሠራ የመማሪያ ክፍል ንድፍ ነው። አርእስቱ ሲቀየር ፎገራ ሜዳ ላይ የሚቆም የተማሪዎች ማደሪያ ይሆናል። ዩኒቨርሲቲ ያን ያህል ዓመት የተቀመጥኩት ለዚህ ኖሯል።

«አፈሩስ?» አልኳቸው።

«አፈር አፈር ነው። አንድ ቁጥር ስጪውና ቀጥይ።»

ማደሪያው ቁሐር ሚካኤል አካባቢ ለሚማሩ የአብነት ተማሪዎች ነው። መምህራቸው መሪጌታ ይትባረክ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። የአሮጌው ቤት ግድግዳ ልጆቹ በሚተኙበት በኩል አዘንብሏል፤ መሪጌታ ጠዋት ጠዋት ስንጥቁን በመዳፋቸው እየዳሰሱ መስፋት አለመስፋቱን ያጣራሉ።

«ልጄ፣ ይኸ የወደቀ ለት እኔን ትቶ ልጆቹን ነው የሚጫናቸው» አሉኝ። አዲሱም እንዲያው ከተሰነጠቀ ሌላ ቤት የሚሠራላቸው አልነበረም።

የሙከራ ጉድጓድ አስቆፈርኩ። ከላይ ዋልካ ነው፤ ክረምት ያብጣል፣ በጋ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ከሥሩ የላላ ደለል አለ። ከዚያ በታች ጠጠር ይገኛል፣ እሱም በአንዱ ጫፍ ቅርብ በሌላው ሩቅ። ይህ እንዳይበቃ ቦታው በምሥራቅ ከሩዝ ማሳ ይዋሰናል፤ ገበሬው ዙሪያውን ከትሮ ክረምቱን ሙሉ ውሃ ያቁርበታል። በምዕራብ በኩል ያለው ደግሞ አውድማ ነው፤ በየዓመቱ በእበት እየተለቀለቀ በከብት የተረገጠ፣ ጠብታ የማያሳልፍ።

ግሬድ ቢም ግድግዳውን ተሸክሞ መሬት ላይ የሚጋደም የኮንክሪት ወራጅ ነው። በስሌት ላይ ከሥሩ ያለውን አፈር በተደረደሩ ስፕሪንጎች እንወክለዋለን። በኢንጂነር ታደለ ስሌት ስፕሪንጎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው፤ አንዱ ሲጫን ጎረቤቱ አይሰማም። እንዲህ ያለ ጨዋ መሬት ፎገራ ላይ አጋጥሞኝ አያውቅም። እኔ ንብርብሮቹን ለየብቻ አስገባሁ፤ በማሳው በኩል ያለውን እርጥብ፣ በአውድማው በኩል ያለውን ደረቅ አደረግሁ። ቢሙ በማሳው በኩል ተነሥቶ መሐሉ ላይ ተሰበረ።

«የተሰበረው ኮምፒውተር ላይ ነው» አሉ ኢንጂነር ሊያጽናኑኝ። «አውድማ ሞዴል ውስጥ የሚያስገባ መሐንዲስ ዛሬ ገና አየሁ። ቀጥሎ በሬዎቹን ታስገቢያቸዋለሽ።»

ነሐሴ ላይ ቦታውን እንዲያዩ ለምኜ አመጣኋቸው። ዝናቡም አብሮን መጣ። መሪጌታና እኔ ደጁ ላይ ቀረን፤ ኢንጂነር ግን ጫማቸው እንዳይረጥብ ወደ አሮጌው ቤት ገብተው በሩን ጥርቅም አድርገው ዘጉት። ዋልካው ወለሉን አሳብጦት ኖሮ በሩ አልከፈት አለ። ገፉት፣ በትከሻቸው መቱት፣ ሰደቡትም። በመጨረሻ ተማሪዎቹ በመስኮት ጎትተው አወጧቸው፤ የሱሪያቸው ኪስ የመስኮቱ ምስማር ላይ ቀረ።

«እኛኮ ክረምት ክረምት በሩን አንዘጋውም» አሉ መሪጌታ።

«ምነው የኔታ፣ ቀድመው ቢነግሩኝ?» አሉ ኢንጂነር።

«መሐንዲስ ናቸው ስላሉኝ ነዋ!»

ኢንጂነር ታደለ የተቀደደ ሱሪያቸውን በእጃቸው ሸፍነው መኪና ውስጥ ገቡ። ወረታ ልንገባ ስንል «ንብርብሩ ስንት ነው ያልሽኝ?» አሉ። ደስታዬን ለመደበቅ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

የመሠረቱን እግሮች እስከ ጠጠሩ አወረድን፣ ቢሙን አወፈርነው፣ ከሥሩም ዋልካው እንደልቡ የሚያብጥበት ክፍተት ተውን። በምረቃው ዕለት የተመሰገነው ቀለም ቀቢው ነው። አውድማውን ሞዴል ውስጥ የማስገባት ሐሳብ የኢንጂነር ታደለ መሆኑንም ከራሳቸው ንግግር ሰማሁ።

የመጀመሪያው ክረምት እንዳለፈ እየፈራሁ ሄድኩ። መሪጌታ አዲሱን ግድግዳ ከጥግ እስከ ጥግ በመዳፋቸው ዳሰሱት። በማሳው በኩል ሲደርሱ ቆም አሉ።

«ምን አገኙ የኔታ?»

«ምንም» አሉና መዳፋቸውን አራገፉ። «ልጆቹም ክረምቱን በሩን ዘግተው አደሩ።»

ለአንድ ባዶ ግድግዳ ዕንባዬ መጣ።

አሁን አዲስ ገቢ መሐንዲሶች ምክር ሲጠይቁኝ የምላቸው ይህንኑ ነው፤ ቢሙን ከመሳላችሁ በፊት ጎረቤቱ ምን እንደሚዘራ ጠይቁ።