ሲመጣ ምን ስሠራ ያግኘኝ?

የመጀመሪያው ምልክት ሳል ነበር፤ ያውም በመዝሙር መሃል። ከሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ረጅም ትንፋሽ ያለኝ እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን ግን የማውቀው መዝሙር መጨረሻው ሳይደርስ ትንፋሼ አለቀ፤ ሳል ጀመረኝ። ጎኔ የቆመችው ጓደኛዬ «ምነው፣ አረጀሽ እንዴ?» አለችኝ። ተሳሳቅን።

ሳሉ ሦስት ሳምንት አለፈው። ስተኛ ላብ ያጠምቀኛል። ቀሚሴ ሰፋኝ። ላፍቶ ገበያ አትክልት የምትሸጠው እናቴ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት እያፈላች አጠጣችኝ፤ አልሆነም። ሰፈራችን ያለው ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ። አክታ ሰጠሁ፣ ራጅ ተነሣሁ።

ዶክተሩ ወረቀቱን አየ። ከዚያ እኔን አየኝ።

«የሳንባ ቲቢ ነው። ይድናል። ስድስት ወር ሳታቋርጪ መዋጥ ነው። ሰው የሚጎዳው ሲያቋርጥ ነው።»

እማዬ አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ የሚያቋርጥ ሰው ሌላ ሰው መሰለኝ።

በየጠዋቱ በባዶ ሆዴ እየሄድኩ ነርሷ፣ ሲስተር ብርቄ፣ ፊት ሦስት ትልልቅ ክኒን እውጣለሁ። ውስጡ ሪፋምፒሲን የሚባል መድኃኒት ስላለ ሽንትሽን ቀይ ያደርገዋል፣ እንዳትደነግጪ ብላኛለች። ይህን ልብ በሉልኝ፤ በኋላ ጉዴን ያወጣው እሱ ነው።

ከዚያ ዐቢይ ጾም ገባ። እኛ ቤት እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልም ውሃም አይቀመስም። እማዬ «አንቺ ዘንድሮ አትጾሚም» ብላኝ ነበር። ግን ከትምህርት ቤት ቀርቻለሁ፣ ከመዝሙር ቀርቻለሁ፤ የቀረኝ ጾሙ ብቻ መሰለኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ተኝቼ የማስበው ስለ ጌታ መምጣት ነበር። ቶሎ መጥቶ ቢገላግለኝ እል ነበር። ሲመጣ ደግሞ በጠዋት ውሃ ስጠጣ እንዳያገኘኝ። ስጾም ያግኘኝ።

ሲስተር ብርቄ ታምነኛለች። ወረፋ ሲበዛ ክኒኑን በእጄ ታስይዘኝና ወደ ሌላ በሽተኛ ዞር ትላለች። እኔ እጄን ወደ አፌ አስጠግቼ የዋጥኩ እመስላለሁ፤ ክኒኑን በነጠላዬ ጫፍ እቋጥረዋለሁ። ሐሳቤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልውጠው ነው። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ዋጥኩት። ከዚያ ምግብ ላይ ሲሆን ያቅለሸልሸኝ ጀመር። ዛሬ ይለፈኝ አልኩ። ነገም አልኩ። የጂኦሜትሪ ሳጥኔ በክኒን ሞላ።

ትኩሳቱ ተመለሰ። ሳሉ ተመለሰ። አንድ ጠዋት መሐረቤ ላይ ደም አየሁ።

ሲስተር ብርቄ ለብቻዬ አስቀመጠችኝ።

«ሽንትሽ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው።»

«ቀለሙን ነው የጠየቅኩሽ።»

«ቀይ አይደለም፣ እንደ ድሮው ነው» አልኩ፣ ሳላስብ።

«ታዲያ የኔ ክኒን የት ነው የሚሄደው፣ የኔ ልጅ?»

የነጠላዬን ጫፍ ፈታሁት። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ዶክተሩ አክታዬ እንደገና ይመርመር አለ። «ቲቢው መድኃኒቱን ለምዶት ከሆነ ሕክምናው ከባድ ነው። እስኪታወቅ አንዲት ቀን እንዳታልፍሽ።» ውጤቱን መጠበቅ ጀመርን። እማዬ ገበያ አልወጣችም።

በዚያው መሃል ደብረ ዘይት ደረሰ፤ የጾሙ እኩሌታ፣ የጌታ ዳግም መምጣት የሚታሰብበት እሑድ። ማስክ አድርጌ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ጓደኞቼ ሲዘምሩ በድምፅ ማጉያ ይሰማኛል። ሲያልቅ የንስሐ አባታችን ወጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። እማዬ ሁሉን ነግራቸዋለች።

«ወንጌሉን ሰማሽ?»

«ሰምቻለሁ፣ አባቴ።»

«ጌታው ድንገት ሲመጣ ያ ታማኝ አገልጋይ ምን ሲያደርግ ተገኘ?»

«የታዘዘውን ሥራ ሲሠራ።»

«አንቺስ ምንድን ነው የታዘዝሽው?»

ከኪሳቸው የክኒን ማሸጊያ አውጥተው አሳዩኝ። «እኔም ስኳር አለብኝ። ሐኪም ባዘዘኝ ሰዓት እውጣለሁ፣ በጾምም። የበሽተኛ ጾሙ መድኃኒቱን አለማቋረጥ ነው። ስትውጪ ቢመጣ በሥራሽ ላይ ነው የሚያገኝሽ።» ማሸጊያውን ወደ ኪሳቸው መለሱና «ክኒን ሰርቆ የጾመ ሰው ግን ገና አንቺን አየሁ» አሉ። ልስቅ ስል ሳል ቀደመኝ።

እስከዚያ ቀን ድረስ የጌታ መምጣት ለእኔ ከበሽታዬ የማመልጥበት በር ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን እማዬ እንግዳ ይመጣል ሲባል የምታደርገውን አሰብኩ፤ ቁጭ ብላ በር በሩን አታይም፣ ቤት ትጠርጋለች፣ የተቀደደውን መጋረጃ ትሰፋለች፣ እየሠራችም ታንጎራጉራለች። መጠበቅ ማለት ይህ ከሆነ እኔም እችላለሁ አልኩ።

ውጤቱ መጣ። ቲቢው መድኃኒቱን አልለመደም። «ስድስት ወሩን ከአንድ ጀምረሽ ቁጠሪ» አለኝ ዶክተሩ፤ ቆጠርኩ። በየጠዋቱ ሲስተር ብርቄ ፊት ውጬ፣ ሳትጠይቀኝ አፌን ከፍቼ ምላሴን አነሣላታለሁ፣ እሷም «በቃሽ፣ ጥርስ ሐኪም አይደለሁም» ትለኛለች። ሽንቴ ቀይ በሆነ ቁጥር ደስ ይለኝ ነበር፤ በዚህ ደስ ይለኛል ብዬ አስቤ አላውቅም። መስከረም ላይ የመጨረሻው አክታዬ ንጹህ ሆነ፤ በሚቀጥለው እሑድ ያቺን አቋርጬ የተውኳትን መዝሙር ሳልስል እስከ መጨረሻዋ ዘመርኳት።

ለእግዚአብሔር፣ ለእማዬ፣ ለሲስተር ብርቄ ምስጋናዬ አያልቅም። አሁን መድኃኒት የጀመራችሁ ካላችሁ፣ ካቅለሸለሻችሁ ለነርሷ ንገሯት እንጂ አትደብቁ። ስለ ጾሙ ከጨነቃችሁ ራሳችሁ አትፍረዱ፣ የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ።

እኔ ቅዳሜ ጠዋት ጤና ጣቢያው አግዳሚ ወንበር ላይ ከአዳዲስ በሽተኞች ጋር እቀመጣለሁ። ባለፈው አንዲት ልጅ ክኒኖቹን መዳፏ ላይ አድርጋ ስታያቸው ቆየች።

«ሦስቱንም?»

«ሦስቱንም። እዚሁ፣ እኔ ፊት።»

የመጀመሪያውን ዋጠች። ጌታ መቼ እንደሚመጣ አላውቅም። ቅዳሜ ጠዋት ከመጣ ግን ሰው እስኪውጥ የውሃ ኩባያ ይዤ ስጠብቅ ያገኘኛል።