ለእማማ ሮማነወርቅ የታየች መኪና

ከፍያለው መኪና ሊገዛ ነው ሲባል፣ የሚያውቀው ሁሉ ሊያገባ ነው የተባለ ያህል ነበር ያወራው። አይፈረድባቸውም። ሰውየው ዕድሜውን አሜሪካ ውስጥ ከዲኤፍደብሊው አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ሆቴል መንገደኛ ሲያመላልስ የኖረ ሾፌር ነው፤ የራሱ መኪና ግን በሯ ከውስጥ ካልሆነ የማይከፈት አሮጌ ኮሮላ ናት። ትዳሩ ከፈረሰ ወዲህ አፓርትማው ውስጥ ከቴሌቪዥን በቀር የሚያናግረው የለም። አሁን ግን እናቱ እማማ ሮማነወርቅ ቪዛ ተመቶላቸው ሊመጡ ነው። እሳቸውን ከኤርፖርት የሚያመጣቸው መኪና ደግሞ ቅንጡ ፎር ዊል፣ ያውም ወንበሩ ቆዳ የለበሰ ካልሆነ አይሆንም ብሎ ድርቅ አለ።

ኧረ ባክህ፣ ለአንዲት ባልቴት ካምሪ አነሳት ወይ ያሉት ነበሩ። እሱ ግን እናቱ ዕድሜ ልካቸውን ታክሲ ውስጥ ከኋላ፣ በሰው ዘንቢልና በሰው ክርን መሀል ተጣበው መሄዳቸውን ነበር የሚያነሳው። እዚህ ሲመጡ ጋቢና፣ ከፍ ብለው፣ መንገዱን እያዩ ይሄዳሉ። በቃ፣ ሌላ ወሬ አይሰማም።

ችግሩ አዲሱን አይችለውም። እናም የሚፈልገው ያገለገለ ነው። ያገለገለ ቅንጡ መኪና ደግሞ ውበቱን ብቻ አይተው ከገቡበት ጉድ ያፈላል፤ አንዴ ከተበላሸ መለዋወጫው ብቻ ደሞዝ ይበላል። ስለዚህ ጓደኛውን ገብረመድኅንን ይዞ ሊሄድ ፈለገ። ገብረመድኅን መካኒክ አይደለም፤ ፕሌኖ ከተማ፣ አንድ ቢሮ ውስጥ ነው የሚሠራው። ግን ተሸውዶ ተሸውዶ የተማረ ሰው ነው። መኪና አይቶ «ውሰድ» ካለ ይወሰዳል፣ «ተወው» ካለ ይተዋል። ለማንም ብሎ አይዋሽም፤ በዚህ የተነሳ የተቀየሙት ሻጮችም አሉ።

እንግዲህ ማክሰኞ ዕለት ስልክ የተደወለው ለዚህ ሰው ነው። የደወለችው የከፍያለው እህት ስርጉት ናት፣ ከአዲስ አበባ። እማማ ሮማነወርቅ በተኙበት አርፈዋል። ወንድሟ ብቻውን የሚኖር ስለሆነ፣ ለእሱ መንገር ፈርታ ለጓደኛው ነገረችው።

መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ለብቸኛ ሰውማ ጭራሽ። በማለዳ፣ ዘመድ ወዳጅ ተሰብስቦ፣ ሲወድቅ የሚደግፈው ሰው ባለበት ነው የሚነገረው። ገብረመድኅን የነገራቸው የእድሩ ሽማግሌዎች ተማከሩና ቅዳሜ ይሁን አሉ፤ በሥራ ቀን ሰው ከየት ይመጣል? ይቺ አገር ለለቅሶም የዕረፍት ቀን ታስጠብቃለች። እስከዚያ ማንም ትንፍሽ እንዳይል ተማማሉ። ገብረመድኅንም ማለ።

እናቱ የሞተችበትና እናቱ ገበያ የሄደችበት እኩል ያለቅሳሉ ይባላል። ከፍያለው ግን እናቱ ሞታበት ሳምንቱን ሙሉ ሲስቅ ከረመ። ሊያየው ያሰበውን መኪና ፎቶ ለሁሉም ላከ። ሁሉም እያወቀ «ያማረ ነው፣ ያድርግልህ» አለው።

ዓርብ ከሥራ በኋላ ዋይሊ የምትባል ከተማ ሄደው መኪናዋን ሊያዩ ተቀጣጠሩ። ገብረመድኅን ለሚቀጥለው ሳምንት እናድርገው ብሎ ለምኖ ነበር፤ ከፍያለው ግን ሌላ ገዢ ሊቀድመኝ ነው ብሎ እምቢ አለ።

ሻጩ ጡረታ የወጡ አሜሪካዊ ሽማግሌ ናቸው። መኪናዋ ጥቁር ናት፣ ደጃቸው ላይ ቆማለች። ገብረመድኅን እንደ ልማዱ መጀመሪያ ኮፈኗን ዳሰሰ፤ ቀዝቃዛ ነው፣ ችግር ለመደበቅ ቀድመው አላሞቋትም። አስነሳት፤ ሳታንገራግር ተነሳች። ዘይቷን አየ፣ ተንበርክኮ ሻንሲዋን በባትሪ አየ፤ ዝገት የለም፣ የሚንጠባጠብ የለም። ከፍያለው እየነዳ አውራ ጎዳናው ላይ ወጥተው ተመለሱ። ጠጠር መንገድ ላይም ሞከሯት። እንከን ቢፈልግላት አጣ። አምላኬ፣ ምነው ብልሽት ባደረግህባት ብሎ በልቡ ለመነ።

ከፍያለው የጋቢናውን በር ከፍቶ የመርገጫውን ከፍታ በእጁ ለካ። እናቱን ጉልበታቸውን እንደሚያማቸው፣ መወጣጫ በርጩማ እንደሚገዛላቸው አወራ።

«አስር ዓመት ታገለግለኛለች?» አለ። «እማዬን እስክጠግባት ከቆየችልኝ ይበቃኛል።»

ገብረመድኅን ባትሪውን አጥፍቶ ኪሱ ከተተ። ነገ ማልዶ መርዶ የሚነገረው ሰው ዛሬ ለእናቱ ብሎ መኪና ይግዛ? ከዚያስ በየቀኑ እንዴት ሊገባባት ነው?

«ተዋት» አለ መሬት መሬቱን እያየ። «ካምቢዮዋ ደክሟል።»

ከፍያለው ቆሞ አየው። የነዳት እሱ ነው፤ ካምቢዮ ሲደክም ደግሞ ሾፌር አያጣውም። ምኑ ላይ ነው የደከመው ብሎ ጠየቀ። ገብረመድኅን ተንተባተበ፤ አንዴ ሁለተኛ ማርሽ ላይ አለ፣ አንዴ ሦስተኛ።

የከፍያለው ፊት ጠቆረ። «ቀናህብኝ እንዴ ገብሬ?»

ተመስገን፣ መውጫ ተገኘ። ገብረመድኅን ስድቡን በሁለት እጁ ተቀበለው። ዕድሜ ልኩን ምቀኛ ቢባል ይሻለዋል።

«አዎ» አለ። «ቀናሁ።»

የተበላሸው ይኼኔ ነው። ከፍያለው ይህን ሰው ከስደተኛ ካምፕ ጀምሮ ያውቀዋል፤ አንድ ብርድ ልብስ ተካፍለው አድረዋል። በሰው ሲሳይ ሲቀና አይቶት አያውቅም። ለሚቀጥለው ሳምንት እናድርገው ብሎ የለመነው ትዝ አለው፤ የገብረመድኅን ዓይን እንባ ማቅረሩን አየ።

«እማዬ ናት?» አለ፣ ድምፁ የሕፃን ሆኖ።

ገብረመድኅን መሐላውን አልረሳም። ግን ሦስተኛ ውሸት ከየት ያምጣ? «አዎ ወንድሜ» አለ።

«መቼ?»

«ማክሰኞ።»

ከፍያለው ሳምንቱን ወደ ኋላ መለስ ብሎ አሰበ። ማክሰኞ ማታ የመኪናዋን ፎቶ ለሰው ሲበትን ነበር። ሐሙስ ከሾፌሮቹ ጋር ቁርጥ በልቶ፣ ቢራ ጠጥቶ፣ ሆዱን እስኪያመው ስቋል።

«እናቴ ተቀብራ» አለ ቀስ ብሎ፣ «እኔ የወንበር ቆዳ ስዳብስ ነበር።»

ከዚያ አስፋልቱ ላይ ወደቀ። ደረቱን እየመታ ሲጮህ ሻጩ ከቤት ወጡ፤ አምቡላንስ ልጥራ ወይ አሉ። ገብረመድኅን ይህን ሁሉ በእንግሊዝኛ ከየት ጀምሮ ያስረዳቸው፤ እናቱ ሞታ ነው አላቸው። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው ባሉበት ቆሙ።

ነገ ቢሆን ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ሽማግሌዎቹ ግራና ቀኝ ደግፈው፣ ሰው ቤቱን ሞልቶ ነበር የሚያለቅስለት። ዛሬ ያለው ገብረመድኅን ብቻ ነው። የሻጩ ጎረቤት ሁሉ መጋረጃ ገልጦ ያያል። ገብረመድኅን አጠገቡ ተንበረከከና፣ ጓደኛው ብቻውን እንዳያለቅስ «እማማ ሮማነወርቅ!» ብሎ ባለ በሌለ ድምፁ ጮኸ።