መልስ ያላገኙ ሁለት ደብዳቤዎች

እኔ ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው። የቀረውን ሐዲድ ላይ ነው የተማርኩት። ድሬዳዋ ጣቢያ ሐዲድ ቀያሪ ነበርኩ፤ ባቡሩ በየትኛው መስመር እንደሚገባ የሚለየውን ዘንግ የምስብ ማለት ነው። መስመሩን የምመርጠው ግን እኔ አይደለሁም፣ ኃላፊው ነው። የእሱ ባንዲራ ካልተውለበለበ እጄን ዘንጉ ላይ አላሳርፍም። ዕድሜዬን ሙሉ እንዲህ ስሠራ አንድም ባቡር አላሳሳትኩም። ይህን የምለው ለመኩራት አይደለም። የኋላውን ነገር ሳስበው ከዚያው ልማድ የመጣ ስለሚመስለኝ ነው።

አባታችን በጣልያን ጊዜ ለመስመር ሥራ ወደ አዋሽ ወጥቶ በዚያው ቀረ። ሬሳ የለ፣ መርዶ የለ። እናታችን መጀመሪያ ሰው ሁሉ ትጠይቅ ነበር። ከዚያ መጠየቁን ተወች። ከዚያ ጨርሶ መናገር ተወች። በር ላይ በርጩማዋ ላይ ትቀመጣለች፤ የባቡር ጡሩምባ ስትሰማ ብድግ ትላለች፣ ባቡሩ ሲያልፍ ትቀመጣለች። ጠበል ወሰድናት፣ ሐኪም አሳየናት፤ «ምንም በሽታ የለባትም» አሉን። እህቴ ያን ጊዜ ገና ጡት የጣለች ሕፃን ነበረች። የእናቷን ድምፅ አታውቀውም።

እኔ አሳደግኳት። እዚሁ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ ተማረች፤ አዲስ አበባ ወጥታ ዩኒቨርሲቲ ገባች፤ የሰው ጠባይና ሐሳብ የሚጠናበትን፣ ሳይኮሎጂ የሚሉትን ያዘች። ለምን እሱን እንደመረጠች ጠይቄያት አላውቅም። ምኑ ይጠየቃል፣ በርጩማው በር ላይ አለ።

ጨርሳ እዚያው አዲስ አበባ ታስተምር ነበር። አንድ ዓመት ለፋሲካ ስትመጣ ሁለት ደብዳቤ ይዛ መጣች፤ አንዱ ከአሜሪካ፣ አንዱ ከፈረንሳይ። ሁለቱም ለዶክትሬት ተቀብለንሻል ይላሉ። ምሳ በልተን፣ ከተማው በሙቀቱ ዘግቶ በተኛበት ሰዓት፣ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘርግታ ተረጎመችልኝ። የአሜሪካኑ ጉዞውንም ማደሪያውንም እስከ መጨረሻው ይችላል፤ ጥናቱ ግን በሕፃናት ትምህርት ላይ ነው። የፈረንሳዩ ጥናት ሆስፒታል ውስጥ ነው፤ እርዳታው የአንድ ዓመት ብቻ ሆኖ ከዚያ ወዲያ እንጃ ነው።

«የፈረንሳዩ መምህር በጦርነት ምክንያት መናገር ያቆሙ ሰዎችን ነው የሚያክመው፤» አለች። «እንደ እማማ ያሉ።» ድምጿ ትንሽ ተለወጠ። ቶሎ ብላ ደግሞ፣ «የአሜሪካኑም ጥሩ ነው፤» አለች።

«መልሱን መቼ ነው የሚፈልጉት?»

«ለሁለቱም ከዳግማይ ትንሣኤ በፊት ቴሌግራም መምታት አለብኝ። ወንድምጋሼ፣ አንተ ያልከኝን ነው።»

«እስቲ እናስብበት፤» አልኳት።

በቤታችን ደንብ ታላቅ ሳይናገር ታናሽ አይናገርም። እኔ እጄን ወደ ገበታው ካልሰደድኩ፣ ያቺ ስንቱን የምታስተምር ሴት አትጎርስም። እኔ ደግሞ በልቤ፣ አራተኛ ክፍል የቀረ ሰው ስለ ዶክትሬት ምን ያውቃል፣ እሷው ትናገር እላለሁ። እሷ የእኔን ቃል ትጠብቃለች፣ እኔ የእሷን።

ቀፊራ ገበያ ጨርቅ የሚሸጥ የሐረር ሰው ጎረቤት ነበረን። ከሰዓት በኋላ እሱ ቤት ቁጭ ብለን ጫት እንቅማለን። ነገሩን አማከርኩት።

«አቦ፣ ምንድን ነው የምታጠናው?»

«የሰው ሐሳብ።»

«እንግዲያው ወላሂ፣ የሚስቴን ሐሳብ ነግራኝ ትሂድ! ስንት ዘመን ሞክሬ አልገባኝም!» ብሎ ሳቀ። ሳቁን ሲጨርስ ግን፣ «ልጅቱን ጠይቃታ። የቱን ትወጃለሽ በላት። አፍ አላት አይደል?»

«ብጠይቃት ያስጨነቅኳት ይመስለኛል።»

«አንተ ደግሞ! ለእህትህም ባንዲራ ይውለብለብልህ?»

ሁለታችንም ሳቅን። ቤት ገባሁ፤ አልጠየቅኳትም።

በዚያው ሳምንት አንድ ቀን እህቴ የፈረንሳዩን ደብዳቤ ለእናታችን በአማርኛ ስታነብላት ደረስኩ። እግሯ ሥር ቁጭ ብላ ቀስ እያለች ነው የምታነብላት። እናታችን ፊቷን ወደ እሷ አዙራ ነበር። ጡሩምባው ተነፋ፤ እናታችን ብድግ አለች። እህቴ ወረቀቱን እንደያዘች ቀረች።

የመጨረሻው ቀን ቅዳሜ ነበር።

«ወንድምጋሼ፣ ቴሌግራም ቤቱ ቀትር ላይ ይዘጋል።»

«አንቺ ነሽ የተማርሽው።»

«አንተ ነህ ያሳደግኸኝ።»

የአንዱን አገር ስም ብጠራ ይበቃ ነበር። ቆቤን አድርጌ ወደ ሥራ ሄድኩ። በከዚራ ሰፈር በዛፎቹ ጥላ ጥላውን ሳልፍ ቴሌግራም ቤቱ ክፍት ነው፤ በሩ ላይ ትንሽ ቆምኩ። የጅቡቲው ባቡር ሰዓት ደርሶብኝ ተውኩት። ባንዲራው ተውለበለበ፣ ዘንጉን ሳብኩ፣ ባቡሩ በመስመሩ ወጣ።

ስመለስ እህቴ የእናታችንን ፀጉር እያጠበች ነበር። ደብዳቤዎቹ ጠረጴዛው ላይ እንደነበሩ ናቸው።

«ደህና ዋልክ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

ይኸው ነው።

በክረምቱ ከአሜሪካ፣ ቦታውን ለሌላ ሰው ሰጥተናል የሚል አጭር ወረቀት መጣ። የፈረንሳዩ ያንንም አልጻፈ። በዓመቱ፣ «እንደገና ጻፊላቸው እንጂ፤» አልኳት። «እሺ» አለች፤ አልጻፈችም። ሥራዋን ወደ ድሬዳዋ አዛውራ መጣች፤ ለልጆች ፈረንሳይኛ ታስተምር ጀመር። እናታችን ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ኖረች፤ አንዲት ቃል አልወጣትም። አንድ ቀን ጠዋት ጡሩምባው ተነፍቶ ሳትነሳ ቀረች፤ መሞቷን ያወቅነው በዚያ ነው።

አርባዋን ያወጣን ዕለት፣ ሰው ሁሉ ሄዶ ሁለታችን ብቻ ስንቀር ጠየቅኳት።

«ያኔ የቱን ትመርጪ ነበር?»

«አንተስ የቱን ልትለኝ ነበር?»

በሩ ላይ ያለችውን በርጩማ አየሁ። እውነቱን ለመናገር አንዱንም አልነበረም። እሷ ከሄደች ከዚያች በርጩማ ጋር ብቻዬን ልቀር ነው። ቅሪ እንዳልላት አፈርኩ፣ ሂጂ እንዳልላት ፈራሁ፤ እንዳላስጨንቃት ነው እያልኩ ራሴን ሳታልል ቀኑ አለፈ።

«አውቃለሁ፤» አለችኝ፣ ሳትቆጣ። «የመጀመሪያውን ቀን ሳነብልህ ከፊትህ ላይ አውቄዋለሁ። የተማርኩት እኮ እሱን ነበር።»

ተነስታ በርጩማውን ከበሩ ላይ አንስታ ወደ ውስጥ አስገባችው። የት እንደምታኖረው ግን ጠፋት፤ ጥቂት ይዛው ቆመች፣ መልሳ እዚያው በር ላይ አስቀመጠችው።