ምላጩን ያልተቀበሉት የኔታ

ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ሞላሌ ገበያ ላይ ፖሊሶች ያዙኝ። ምን አጠፋሁ ብዬ አልጠየቅሁም፤ እነሱም አልነገሩኝም። መሐል ሜዳ ከተማ አድርሰው ከሌሎች እስረኞች ጋር ጠባብ ክፍል ውስጥ ከተቱኝ። ወለሉ እርጥብ ነው፤ ሽንት ይሸታል። ለብርዱ ስንል ተጠጋግተን ስለምንተኛ ቅማል ፈላብን።

ስለዚህ ራሳችንን እንላጭ ነበር፤ ሁላችንም በአንድ ምላጭ። የደማው ምላጩን በሸሚዙ ጠርጎ ለሚቀጥለው ያቀብላል። ማንም ግድ አልነበረውም፤ እኔም።

አንድ ረፋድ ጠባቂው እንደተለመደው ምላጩን አምጥቶ ተላጩ አለን። ተራው የኔታ ጋ ደረሰ። ድጓ የሚያስተምሩ ሽማግሌ ናቸው፤ በዐውደ ምሕረት የተናገሩት ተጠምዝዞባቸው ነው የታሰሩት። በመጡ በሳምንቱ ገደማ ነው፤ ተራ ሲደርሳቸው ይህ የመጀመሪያቸው ነበር። ምላጩን አልተቀበሉም።

“የጉበት በሽታ አለብኝ፤ በደም የሚተላለፍ” አሉ።

እንዴት እንዳወቁት ቀስ ብለው ነገሩን። ልጃቸው ወልዳ ደም ሲፈሳት ደም ሊሰጧት ደብረ ብርሃን ሄዱ፤ ደማቸው ሲመረመር ቫይረሱ ተገኘና መለሷቸው። አንድም ቀን አሟቸው አያውቅም። ዋግምቱ ይሁን፣ በልጅነታቸው የተቆረጡት እንጥል ይሁን፣ በየመንደሩ እየዞረ ሁሉን በአንድ መርፌ ይወጋ የነበረው ሰው ይሁን፣ ከየት እንደያዛቸው አያውቁም።

አጠገባቸው የተቀመጠ ገበሬ ፈቀቅ አለ።

“አብረን ስንበላስ፣ የኔታ?”

“በመብል አይተላለፍም፤ በደም ነው። ስትወጡ ተመርመሩ፣ ልጆቼ። በሽታው አያስታውቅም።”

ጠባቂው ትእዛዝ ነው ብሎ ተቆጣ። ዝም ብለው ቢላጩ ማንም አያውቅባቸውም ነበር። የኔታ እጃቸውን አጣጥፈው ቆሙ።

“ለኔ ብቻ የሚሆን ካለ አምጣልኝ፤ ከሌለ ይቅር” አሉት።

አላመጣም። ምሳ ሲደርስ ያ ገበሬ ተመልሶ አጠገባቸው ተቀመጠና የገብስ ዳቦውን ቆርሶ ሰጣቸው። በማግስቱ የኔታን ወደ ሌላ ቦታ ወሰዷቸው።

ከተፈታሁ በኋላ ምንም ስላላመመኝ ሳልመረመር ዓመታት አለፉ። በመጨረሻ ስመረመር ነርሷ ደም ወስጄ፣ ተነቅሼ፣ ጥርስ በመንደር አስነቅዬ እንደማውቅ ጠየቀችኝ። ቀጥላም፣

“ታስረው ያውቃሉ?” አለችኝ።

“አዎ” አልኳት። ጻፈችው።

ቫይረሱ ተገኘብኝ። ጥቂት ወራት ክኒን ዋጥሁ፤ እንደገና ሲታይ ጠፍቷል አሉኝ።

የኔታን አፈላልጌያለሁ። የት እንደደረሱ የሚያውቅ አላገኘሁም። ይህ ክኒን በሕይወት ሳሉ ደርሶላቸው እንደሆነ አላውቅም።