ግድግዳው ላይ የጻፍኳቸው ግሶች

ከማታ ተማሪዎቼ አንዱ ፖሊስ ነበር። ከዘብ እንደወጣ ሮጦ ስለሚመጣ ሁልጊዜ ያረፍዳል፤ በሩ ላይ ቆሞ «ቲቸር፣ ልግባ?» ይላል። ያን ዕለትም እንዲሁ አለ፤ ግባ አልኩት። ወደ ወንበሩ ግን አልሄደም። ወደ ሰሌዳው መጥቶ፣ ዓይኑን ከዓይኔ እያሸሸ፣ የፖሊስ ጣቢያው አዛዥ ሻምበል እንደሚፈልገኝ ነገረኝ። በመምህራን ስብሰባ ላይ ስለሚፈናቀሉት ጭሰኞች ተናግሬ ነበር።

አሰላ ጣቢያ ቀበቶዬን፣ የጫማዬን ክርና እስክሪብቶዬን ወሰዱ። ኪሴ ውስጥ የቀረችውን ጠመኔ ማንም ከቁም ነገር አልቆጠራትም። ክፍሉ እርጥብ ገለባና ሽንት ይሸታል፤ ብርዱ በበሩ ሥር ይገባል። ውስጥ የነበሩት፣ ትራክተር ሲመጣባቸው መሬቱን አንለቅም ያሉ የጢቾ ጭሰኞች ናቸው። በዕድሜ የገፉት ሽማግሌ ጠጋ ብለው ቦታ ሰጡኝና ሥራዬን ጠየቁ። አስተማሪ ነኝ ስላቸው «ታዲያ ተማሪዎችህን ለማን ትተህ መጣህ?» ብለው ሳቁብኝ።

መልሱ በማግስቱ በበሩ ቀዳዳ ብቅ አለ። ፖሊሱ በሻምበሉ ፊት «አንተ» ይለኛል፤ ብቻችንን ስንሆን «እርስዎ»። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ደርሶበታል። ቀደም ብሎ የጣለው እንግሊዝኛ ነበር፤ አሁንም ከወደቀ ማዕረጉ ይቀራል። ከእስረኛ ጋር ሲያጠና ከተያዘ ደግሞ እንጀራውም። ችግሩን አውቀዋለሁ፤ «አይ ሃቭ ዌንት» ይላል።

አልዋሽም፣ ደስ አለኝ። ጠመኔዬን አውጥቼ ከቀዳዳው ትይዩ ባለው፣ በኩራዝ ጢስ በጠቆረው ግድግዳ ላይ በሦስት ረድፍ ጻፍኩ፦ ጎ፣ ዌንት፣ ጎን። ኢት፣ ኤት፣ ኢትን። ሦስተኛው ረድፍ ረዳት ይፈልጋል አልኩት። እኛ «ሄጃለሁ» ስንል «አለሁ» ከኋላ ይለጠፋል፤ እንግሊዞቹ ግን ረዳቱን ያስቀድማሉ፤ አይ ሃቭ ጎን። ስለ ሌላ አንድ ሰው ስታወራ «ሃቭ» ወደ «ሃዝ» ይለወጣል፤ «ጎን» እንዳለ ይቆያል። እየደጋገምን ስንል ጭሰኞቹም አብረውን ማዜም ጀመሩ፤ ብርዱን ያስረሳል። የሽማግሌው «ኢትን» በኦሮምኛ ቅላጼ ሲወጣ ጆሮዬ ላይ ይጣፍጥ ነበር።

በፈተናው ዋዜማ ሻምበሉ ድንገት ገባ። ፖሊሱ ከኋላው ደርቆ ቆሟል። ሻምበሉ ግድግዳውን አየና ማንን እንደማስተምር ጠየቀኝ። አፌን ከመክፈቴ በፊት ሽማግሌው ብድግ አሉ።

«እኔን ነው፣ ጌታዬ።»

«አንተን? እስቲ በል።»

«ጎ፣ ዌንት፣ ጎን» አሉ። ሌሎቹ ተቀበሏቸው፤ ክፍሉ የሕፃናት ክፍል መሰለ። ሻምበሉ ሳቁ አመለጠው።

«አሁን ደግሞ በእንግሊዝኛ አቤት ሊሉ ነው» አለና ግድግዳው እንዲታጠብ አዝዞ ወጣ።

የታዘዘው ፖሊሱ ነበር። ባልዲና ጨርቅ ይዞ ገብቶ፣ እያንዳንዱን ቃል ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ካነበበ በኋላ አጠፋው። ግድግዳ ለማጠብ እንደዚያ የዘገየ ሰው አላየሁም።

በማግስቱ ከፈተናው በቀጥታ መጣ። ቁልፉ ተሽከረከረ፣ በሩ ተከፈተ፤ እሱ ግን አልገባም። ደፉ ላይ ቆሞ ቆቡን አወለቀ።

«ቲቸር፣ ልግባ?»

ቀበቶ የሌለውን ሱሪዬን በአንድ እጄ ይዤ ተነሣሁና «ግባ» አልኩት።

ማለፉን የሰማሁት ከተፈታሁ በኋላ ነው። ዛሬም ማታ ማታ አስተምራለሁ። ያረፈደ ተማሪ በሩ ላይ ቆሞ ሲጠይቀኝ ቶሎ አስገባዋለሁ። ወንበሩ ላይ እስኪቀመጥ ድረስ ግን ጠመኔዬን ይዤ በዓይኔ እከተለዋለሁ።