በመስታወት ማዶ የተኙት ኮሜዲያን

ባለፈው ሳምንት ትንሹን ወንድሜን ትኩሳት ይዞት ክሊኒክ ወሰድኩት። ሐኪሟ ማዳመጫዋን ጀርባው ላይ አድርጋ «በረጅሙ ተንፍስ» ስትለው የእኔ ትንፋሽ ቀጥ አለ።

በ2020፣ ዊንተር ሲገባ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ዓመታቱ ብዙ አይደሉም፤ ያቺ ልጅ ግን ዛሬ የሩቅ ዘመዴ ትመስለኛለች። የምንኖረው አሜሪካ፣ ሬይኖልድስበርግ የምትባል ከተማ ነው። አባቴ ዌርሃውስ፣ ዕቃ መጋዘን ውስጥ፣ ይሠራ ነበር፤ እኔ እዚያው አቅራቢያ ቤክስሊ ውስጥ ብቻቸውን የሚኖሩ የሰማንያ አንድ ዓመት እንግሊዛዊ እንከባከብ ነበር። ሚስተር አርኖልድ በወጣትነታቸው አገራቸው ውስጥ ኮሜዲያን ነበሩ፤ አስቂኝ ዘፈን እየደረሱ፣ ፒያኖ እየመቱ ያንጎራጉሩ ነበር። አሜሪካዊት ሚስታቸውን ተከትለው መጡ፤ እሷ ሞተች፣ እሳቸው ከአስማቸው ጋር ቀሩ። ዝይ ስለሚፈራ ፖሊስ የጻፉትን ሲዘፍኑልኝ ሆዴን ይዤ እስቅ ነበር።

«መድረክ ከመውጣቴ በፊት ሁልጊዜ ያስመልሰኝ ነበር፤ ፈሪ ነኝ» አሉኝ አንዴ። ቀልድ መሰለኝ።

አንድ ቀን እናቴ የላከችላቸውን የምስር ሳምቡሳ ኩሽና ተቀምጠን፣ ማስካችንን አውልቀን ስንበላ ስልኬ ጠራ።

«ሀያት፣ አባትሽ የኮቪድ ቴስት አድርጎ ፖዘቲቭ ወጣ» አለች እናቴ። «ማስክሽን እንዳታወልቂ!»

ዝም ብል ማን ያውቃል? ብናገር ሥራዬን አጣ ይሆናል። ሳህን እያጠብኩ ሦስት ጊዜ አፌን ከፍቼ ዘጋሁ። በአራተኛው ነገርኳቸው።

የያዙትን ሳምቡሳ አስቀመጡ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ አጡ።

«ኮትሽን ልበሺና ሂጂ። እኔ መስኮት እከፍታለሁ። ነገ ደውዪልኝ።»

ሜይን ስትሪትን እንዴት እንደነዳሁ አላስታውስም። ቤት ገብቼ ክፍሌን ዘጋሁ፤ አባቴ ከግድግዳው ማዶ ይስላል። እሱን ስሰማ ለሚስተር አርኖልድም እፈራለሁ። የቀጠረኝ ድርጅት ለሚስተር አርኖልድ ሌላ ሰው አላገኘም። በየጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ እደውላለሁ፤ እሳቸው ስልኩን ፒያኖው ላይ ያስቀምጡና አንድ ረጅም ስንኝ በአንድ ትንፋሽ ይዘፍናሉ። «ሳንባዬ ይኸውልሽ!» ይላሉ። በአራተኛው ቀን ስንኙ መሃል ላይ ተቆረጠ፤ አሳላቸው።

«የሳለው ፒያኖው ነው» አሉኝ። አልሳቅኩም።

በአምስተኛው ቀን አላነሱም። ደጋግሜ ደወልኩ። ሁለት ማስክ ደርቤ መኪናዬን አስነሳሁ። በረዶው እስከ ቁርጭምጭሚቴ ነበር። በመስኮቱ ሳይ ኮታቸውን እንደለበሱ፣ ጭንቅላታቸው ፒያኖው ላይ ተደፍቷል። «ያ አላህ፣ ገደልኳቸው» አልኩ። መስታወቱን በሁለት እጄ ደበደብኩ።

ቀስ ብለው ቀና አሉ። ግንባራቸው ላይ የፒያኖው ቁልፎች ምልክት ታትሟል። መጥተው መስታወቱ ማዶ ቆሙ።

«ታመሙ?»

«አልታመምኩም። ሦስት ቀን አልተኛሁም። ከተኛሁ የማልነቃ እየመሰለኝ» አሉ። ከዚያ አንገታቸውን ደፉ። «የዘፈንኩት አንቺን ለማጽናናት አይደለም። በማግስቱም እንድትደውዪ ነው።»

በረንዳው ላይ የነበረውን የብረት ወንበር ጎትቼ፣ በረዶውን ጠርጌ፣ መስኮቱ ሥር አስጠጋሁት።

«ሶፋው ላይ ጋደም ይበሉ። እኔ እዚሁ ነኝ። ትንፋሽዎን አያለሁ።»

እንደ ሕፃን ታዘዙኝ። እስከ ቀትር ድረስ ደረታቸው ከፍ ዝቅ ሲል እያየሁ ተቀመጥኩ። ጣቶቼ ደነዘዙ፤ ፍርሃቴም አልለቀቀኝም፤ ግን አልተነሣሁም።

ቴስታቸው ኔጋቲቭ ወጣ፣ የእኔም። አባቴ ሆስፒታል ገብቶ ከስቶ ተመለሰ፤ እስከ ዛሬ ደረጃ ሲወጣ መሃል ላይ ያርፋል። ሚስተር አርኖልድ በ2022 ጸደይ፣ በዕድሜ፣ በእንቅልፍ ላይ እንዳሉ ዐረፉ።

እኔ አሁን ነርሲንግ ልጨርስ ነው። በልምምድ ላይ የሚያስቁኝ ሕመምተኞች አሉ፤ አብሬያቸው እስቃለሁ። ድሮ ቢሆን ደህና ናቸው ብዬ ወደሚያለቅሰው እሄድ ነበር። አሁን ስቄ ስጨርስ ሌሊቱን እንቅልፍ ወስዷቸው እንደሆነ እጠይቃለሁ፤ መልሱን ደግሞ ወንበር ስቤ፣ ተቀምጬ እሰማለሁ።