የአያ አላምረው ዘር ቆጠራ

ደባርቅ ዙሪያ ሰርግ ታስቦ አያ አላምረው ሳይጠራ አይቀርም። ሰባት ቤት ወደ ኋላ የሚቆጥር ሰው ነው። ስንቱን እጮኛ "አምስተኛው ቤት ላይ ዘመዳሞች ናችሁ፣ ተበተኑ!" ብሎ በትኗል። ያበላሸውን ድግስ ሲያወራ ደግሞ ደስታው አይጣል ነው።

የራሱን ዘር ሲቆጥር ግን ዓይን ያወጣ ውሸታም ነበር። አባቱ፣ ታላቅ ወንድሙና እህቱ ይርገዱ ሃምሳ ሳይሞላቸው ደም እያስቀመጣቸው አልቀዋል። እሱ ግን አባቱን በምች ገደለ፣ ወንድሙን ገደል ከተተ፣ ይርገዱን ለጎርፍ ሰጠ። ወንድሙ የኖረበት ቀዬ ለጥ ያለ ሜዳ ነው፤ ገደሉን ከየት እንዳመጣው የጠየቀው የለም። "በዘራቸው በሽታ አለ" ከተባለ ልጆቹን ማን ያገባል?

በ2008 ዓ.ም. ተራው የእሱ ሆነ። ዓመት ሙሉ ደሙን በኪንታሮት ሲያሳብብ ከርሞ፣ ሰውነቱ ሲያልቅ ልጁ የትነበርሽ እየጎተተች ጎንደር ሆስፒታል አደረሰችው። የትልቁ አንጀት ካንሰር ነበር።

"አባቴ፣ ከቤተሰብዎ በዚህ የታመመ አለ?" አለች ሐኪሟ ወረቀት ዘርግታ።

"ኧረ የለም! አባቴን ምች ነው፤ ወንድሜም ገደል..."

"ጥሩ። አንዳንዱ በዘር ይመጣል። ከወላጅ በሚወረሰው ነገር ላይ አንዲት ስሕተት ካለች፣ እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ቢኖርማ የልጅዎን አንጀት በካሜራ አይተን፣ እብጠቱን ካንሰር ሳይሆን እንቆርጠው ነበር። ከሌለ ግን እሷ ገና ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ ትቆይ።" ወረቀቱን አጠፈችው።

አያ አላምረው ልጁን አያት። ሰርጓ ለጥር ተቆርጧል። በዕድሜው እንደዚያ ፈርቶ አያውቅም።

"ምነው አጠፍሽው? ዘርጊው!" አለና ቆጠረ። አባቱን፣ ወንድሙን፣ ይርገዱን፣ አጎቱን፣ የአጎቱን ልጅ፤ አንድም ሳያስቀር። ሐኪሟ ወረቀቱን ገለበጠች።

በር ላይ ተራ የሚጠብቅ የአገራቸው ሰው ሰምቶ ኖሮ፣ ወሬው ከእነሱ ቀድሞ ደባርቅ ገባ። የሙሽራው ቤት በሳምንቱ ሽማግሌ ልኮ ጋብቻውን አፈረሰ። የትነበርሽ አባቷ ኦፕራሲዮን ሲሆን አስታመመችው፤ ግን አንድ ወር ቃል አልተነፈሰችለትም። ከዚያ የራሷ ምርመራ ደረሰ። ሦስት እብጠት ተገኘባት፤ ሦስቱም ካንሰር ሳይሆኑ ተቆርጠው ወጡ።

ቤት እንደገባች ነጠላዋን ሳታወልቅ አልጋው አጠገብ ቆመች።

"ተነሥ አባየ። ዛሪማ ያሉት የይርገዱ ልጆች በሽታው በዘር መምጣቱን አልሰሙም።"

ኦፕራሲዮን ያልፈራው ሰውየ፣ ይርገዱን ጎርፍ ወሰዳት ያለውን ውሸት ልጆቿ ፊት ማፍረሱን ፈራ። ግን ተነሣ።